በሰንጠረዥ ላይ ስለ ተቆጠረው ስንዴ፤ 18,446,744,073,709,551,615 ከምን ከምን ቁጥሮች ተሠራ?

ሰንጠረዥን የፈለሰፈው ሕንዳዊ ሊቅ ከንጉሡ ስለ ጠየቀው ዋጋ የሚነገረውን ተረት ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም ለማለት ይቻላል። ንጉሡ በጨዋታው እጅግ ደስ ተሰኝቶ «የምትሻውን ጠይቀኝ» ቢለው፥ ሊቁ «በሰሌዳው በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ ስንዴ፥ በሁለተኛው ሁለት፥ በሦስተኛው አራት፥ እንዲህ በየቤቱ እጥፍ እያደረግህ እስከ ስልሳ አራተኛው ቤት ድረስ ስጠኝ» አለው። ንጉሡ የተጠየቀው ነገር አንሶበት ሳቀ። የጎተራ ሹሞቹ ግን ሒሳቡን በሠሩ ጊዜ በመንግሥቱ ያለው ስንዴ ሁሉ ቢሰበሰብ እንደማይበቃ ነገሩት።

እኛም ይህን ተረት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በሒሳብ ሰዓት ሰምተነዋል። በዚያን ጊዜ የቀረልን ትምህርት ቁጥሩ እጅግ ትልቅ መሆኑ ብቻ ነበር። ትልቅነት ግን አንድ ጊዜ ከተደነቁበት በኋላ ወዲያ የሚያራምድ ነገር አይደለም፤ ከማንኛውም ትልቅ ቁጥር የሚበልጥ ሌላ ቁጥር ወዲያው ይገኛልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ስንዴው ስንት ጎተራ ይሞላል ብለን ሳይሆን፥ ቁጥሩ ከምን ከምን ቁጥሮች ተባዝቶ ተሠራ ብለን ነው። ጥያቄውን የመረጥንበት ምክንያት ደግሞ አለን፤ ባለፈው ዓመት በዚሁ ቁጥር የተነሣ በጓደኞቻችን ፊት ተሳስተናል። ስሕተቱንም በቦታው እንናገራለን። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ እናስታውስ። ስልሳ አራት ጊዜ መደመር አያስፈልግም። በማንኛውም ቤት ያለው ስንዴ ከበፊቱ ባሉት ቤቶች ሁሉ ካለው ድምር በአንድ ብቻ ይበልጣል፤ 1 እና 2 ቢደመር 3 ነው፥ ቀጣዩ ቤት 4 ይይዛል፤ 1፥ 2 እና 4 ቢደመር 7 ነው፥ ቀጣዩ ቤት 8 ይይዛል። እንግዲህ ከሰሌዳው ውጭ አንድ ስልሳ አምስተኛ ቤት አለ ብለን ብናስብና በዚያ ቤት ሊውል ከሚገባው ስንዴ አንድ ፍሬ ብናነሣ የስልሳ አራቱ ቤቶች ድምር ይሆናል። ይህን ደንብ አል ቢሩኒ በ1000 ገደማ ስለ ጥንታውያን ሕዝቦች የዘመን አቆጣጠር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ገልጦታል። ከዚህም ጋራ ሌላ ማሳጠሪያ ሰጥቷል፤ የአንድን ቤት ቁጥር በራሱ ብናበዛው፥ ያ ቤት ከመጀመሪያው ቤት የሚርቀውን ያህል ከእርሱ ወደፊት የሚርቀውን ቤት ቁጥር እናገኛለን። አምስተኛው ቤት 16 ነው፤ 16 በ16 ቢበዛ 256 ይሆናል፥ ይህም የዘጠነኛው ቤት ነው። 256 በራሱ ሲበዛ 65,536፥ የአሥራ ሰባተኛው ቤት። ይህም በራሱ ሲበዛ 4,294,967,296፥ የሠላሳ ሦስተኛው ቤት። ይህም በራሱ ሲበዛ የስልሳ አምስተኛው ቤት 18,446,744,073,709,551,616 ይሆናል። ከአምስተኛው ቤት ተነሥተን በአራት ማብዛት ደረስን ማለት ነው። አንድ ስንቀንስ የተፈለገው ቁጥር ይወጣል።

የታሪክ ጸሐፊው ኢብን ኸሊካን በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ይህን ወሬ ሲጽፍ፥ በመጀመሪያ ነገሩ የተጋነነ መስሎት እንደ ነበረና አንድ የእስክንድርያ ሒሳብ ዐዋቂ ወረቀት ላይ ሠርቶ ካሳየው በኋላ እንዳመነ ይናገራል። እኛም ከእርሱ ጋራ ነን፤ ቁጥር በወሬ ከሚታመን በወረቀት ቢታይ ይሻላል። ትልቅነቱን በሚመለከት ይህን ያህል ብቻ እንበልና እንለፍ፤ አንድ ቶን ስንዴ ሃያ ሚሊዮን ያህል ፍሬ አለው ብንል፥ የሰሌዳው ስንዴ ዘጠኝ መቶ ሃያ ቢሊዮን ቶን ያህል ይመዝናል። በዛሬው ዘመን ዓለም በሙሉ ከሚያመርተው ስንዴ ከአንድ ሺህ ዓመት የሚበልጥ ምርት መሆኑ ነው። በግዕዝ አኃዝ ሲጻፍም ፲፰፻፵፬፼፷፯፻፵፬፼፯፻፴፯፼፱፻፶፭፼፲፮፻፲፭ ይሆናል። የኛ አኃዝ በሺህ ሳይሆን በእልፍ ስለሚራመድ፥ የፈረንጁን ቁጥር በየሦስቱ የለመደ ዐይን መጀመሪያ ትንሽ ይደናገራል፤ በየአራቱ ለከፈለው ግን ንባቡ ቀላል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የአገራችን ሰንጠረዥ ሰሌዳ እንደ አውሮፓው ጥቁርና ነጭ ቤት የተለየበት አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ጨርቅ ላይ በተሠመሩ መስመሮች የተከፈለ ነበር። ይህ ጨርቅ ለሒሳባችን ይመቸናል። ጨርቁን ከመካከሉ ለሁለት ብንቆርጠውና (በሐሳብ ነው እንጂ በመቀስ አይደለም) ሁለተኛውን ግማሽ በመጀመሪያው ላይ ብናነባብረው፥ ሠላሳ ሦስተኛው ቤት በመጀመሪያው ላይ፥ ሠላሳ አራተኛው በሁለተኛው ላይ፥ ስልሳ አራተኛውም በሠላሳ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ከላይ ያለው ቤት ሁሉ ከሥሩ ካለው ቤት 4,294,967,296 ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ሁለተኛው ግማሽ በጠቅላላው የመጀመሪያው ግማሽ 4,294,967,296 ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ደግሞ የመጀመሪያው ግማሽ 4,294,967,297 ጊዜ ይሆናሉ። ያለ አንዳች ማካፈል፥ ከትልቁ ቁጥር አካፋዮች አንዱን በዚህ አኳኋን አገኘን።

የቀረው ግማሽ ሠላሳ ሁለት ቤት አለው። እርሱንም እንዲሁ ከፍለን ብናነባብረው የአሥራ ስድስት ቤት ስንዴ 65,537 ጊዜ ሆኖ ይገኛል። አሥራ ስድስቱ ቤት የስምንቱ 257 ጊዜ፥ ስምንቱ የአራቱ 17 ጊዜ፥ አራቱ የሁለቱ 5 ጊዜ፥ ሁለቱም የአንዱ ቤት 3 ጊዜ ነው። አንዱ ቤት የያዘው አንድ ፍሬ ብቻ ስለ ሆነ መቁረጡ እዚህ ላይ ያበቃል። በመሆኑም የሰሌዳው ስንዴ በሙሉ 3፥ 5፥ 17፥ 257፥ 65,537 እና 4,294,967,297 አንድ ላይ ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር ነው። ስድስት ጊዜ ቆረጥን፥ ስድስት አካፋይ አገኘን። ስልሳ አራት ቤት ባይሆንና ስልሳ ቤት ቢሆን ኖሮ መቁረጡ ከሁለት ጊዜ በኋላ በአሥራ አምስት ቤት ላይ ይቆም ነበርና እንዲህ የሚያምር ነገር አይወጣም ነበር።

ከ1ና ከራሱ በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈለውን ቁጥር ብቸኛ ቁጥር እንለዋለን። 3፥ 5 እና 17 ብቸኞች መሆናቸው ግልጽ ነው። 257ም ብቸኛ ነው፤ ይህን ለማወቅ እስከ 13 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ይበቃል፤ ምክንያቱም አንድ ቁጥር ሁለት አካፋዮች ካሉት ከሁለቱ አንዱ በራሱ ሲበዛ ከቁጥሩ አይበልጥም፥ 17 በ17 ሲበዛ ግን 289 ሆኖ ከ257 ያልፋል። 65,537ም ትዕግሥት ላለው ሰው እስከ 251 ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ተፈትኖ ብቸኛ መሆኑ ይረጋገጣል።

ስድስተኛውስ?

ስሕተታችን የመጣው እዚህ ላይ ነው። አምስቱ ብቸኞች ሆነው ካየን በኋላ ስድስተኛውም እንደዚያው ነው ብለን በልባችን ወሰንን። ኮምፒዩተር ብንጠይቅ መልሱን በቅጽበት በነገረን ነበር፤ እኛ ግን ሥራውን በእጃችን ለመፈጸም ተስማምተን ስለ ነበር 4,294,967,297ን በብቸኛ ቁጥሮች በየተራ ማካፈል ጀመርን። በሦስት፥ በሰባት፥ በአሥራ አንድ፥ እያልን ብዙ ምሽት ደከምን። እስከ 599 ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 2ን ጨምሮ 109 ናቸው፤ በአንዳቸውም አልተካፈለም። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አጠፍንና በተማሪዎች የጥናት ስብሰባ ላይ ተነሥተን «የሰንጠረዡ ቁጥር ስድስት አካፋዮች አሉት፥ ስድስቱም ብቸኞች ናቸው» ብለን ተናገርን። ተጨበጨበልን። ከመምህራን አንዱ ብቻ «እስከ የት ድረስ ሞከራችሁት?» ብለው ጠየቁን። እስከ ስድስት መቶ ገደማ ብለን መለስን። «እስከ የት ድረስ መሞከር ነበረባችሁ?» አሉን። በሰሌዳው ላይ አሰላነው፤ እስከ 65,536 ድረስ ነበር። በዚያ መካከል ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 6,542 ናቸው። እኛ 109 ብቻ ሞክረን ለቀሩት 6,433 ቁጥሮች ምስክር ሆነን ቆመናል።

መምህሩ ሌላ አልተናገሩም፤ እኛም በማግሥቱ ካቆምንበት ቀጠልን። በ601 ሞከርን፥ አልተካፈለም፤ በ607፥ በ613፥ በ617፥ በ619፥ በ631 እንዲሁ። ሰባተኛው 641 ነበር። 641 በ6,700,417 ሲበዛ 4,294,967,297 ይሆናል፤ ቀሪ የለውም። ሰባት ማካፈል ብቻ ቀርቶን ነበር ማለት ነው።

ይህን ስሕተት ከኛ በፊት የሠራ ሰው እንዳለ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ማንም ሰው አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ከዘመኑ የቁጥር ዐዋቂዎች ሁሉ የላቀ ሲሆን፥ በ1640 ለወዳጆቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች 3፥ 5፥ 17፥ 257፥ 65,537፥ 4,294,967,297 እና እንዲሁ የሚቀጥሉት ቁጥሮች በሙሉ ብቸኞች እንደሚመስሉት ገልጧል። ማረጋገጫ እንደሌለው አልሸሸገም፤ እምነቱ ግን የጠና ነበር። ዛሬ እነዚህ ቁጥሮች የፌርማ ቁጥሮች ይባላሉ። ጉዳዩ ዘጠና ዓመት ያህል እንዲሁ ቆየ። በታኅሣሥ 1729 ክርስቲያን ጎልድባኽ ለሌዎንሃርድ ኦይለር በጻፈው ደብዳቤ፥ ይህን የፌርማን አሳብ ታውቀዋለህን ብሎ ጠየቀው። ኦይለር በዚያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሲሆን በጴጥሮስ ከተማ አካዳሚ ይሠራ ነበር። በ1732 መልሱን አቀረበ፤ ስድስተኛው ቁጥር በ641 ይካፈላል አለ።

ኦይለር እንደ እኛ በመቶ ብቸኛ ቁጥሮች ውስጥ እየዳከረ አይደለም የደረሰበት። መንገዱን ኋላ ባሳተመው ጽሑፍ ገልጦታል፤ እኛም በሰንጠረዡ ሰሌዳ ላይ ልናሳየው እንሞክራለን።

አንድ ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር እንውሰድ። በየቤቱ ስንዴውን ሁሉ በማስቀመጥ ፈንታ፥ የቤቱ ስንዴ በዚያ ቁጥር ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ እናስቀምጥ። ሥራው እጅግ ቀላል ይሆናል፤ ቀሪውን እጥፍ እናደርጋለን፥ ከአካፋዩ ካለፈ አካፋዩን እንቀንሳለን። ለ641 እንሥራው። እስከ አሥረኛው ቤት ድረስ የተለመዱት ቁጥሮች ናቸው፤ 1፥ 2፥ 4 እያለ እስከ 512። በአሥራ አንደኛው 1,024 መሆን ሲገባው 641 ተቀንሶ 383 ይሆናል። ቀጥሎ 125፥ 250፥ 500፥ 359፥ 77፤ በአሥራ ሰባተኛውም ቤት 154 ይሆናል። አሁን የአል ቢሩኒን ማሳጠሪያ እንጠቀም፤ የአሥራ ሰባተኛው ቤት በራሱ ቢበዛ የሠላሳ ሦስተኛውን ይሰጣል። 154 በ154 ሲበዛ 23,716 ነው። 641 በ37 ሲበዛ ደግሞ 23,717 ነው። እንግዲህ የሠላሳ ሦስተኛው ቤት ስንዴ በ641 እንዳይካፈል አንድ ፍሬ ብቻ ይጎድለዋል፤ አንድ ፍሬ ቢጨመርበት ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሠላሳ ሦስተኛው ቤት ላይ አንድ ሲጨመር ያ ስድስተኛው ቁጥር ነው። ከአንድ ሺህ ጥቂት በሚያልፉ ቁጥሮችና በአንዲት ማብዛት ነገሩ አለቀ፤ የኛ ብዙ ምሽት ድካም የት ሄደ!

ይህ ግን 641 መታጨቱን ሳይሆን መፈተኑን ነው የሚያሳየው። ኦይለር 641ን ከሌሎቹ ለይቶ እንዲሞክር ያደረገው ምንድር ነው? ስድስተኛውን ቁጥር የሚያካፍል አንድ ብቸኛ ቁጥር አለ እንበል። በሰሌዳው ላይ በዚያ ቁጥር ቀሪዎቹን ብንደረድር፥ በሠላሳ ሦስተኛው ቤት ያለው ቀሪ ለሙሉ አንድ የሚጎድለው ይሆናል፤ በስልሳ አምስተኛውም ተመልሶ 1 ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ቀሪዎቹ እንደ መጀመሪያው ይደገማሉ። ዙሩ ከስልሳ አራት ቤት ያነሰ ሊሆን ይችላልን? አይችልም፤ አጭር ዙር ቢሆን ኖሮ ስልሳ አራትን የሚያካፍል፥ ስለዚህም ሠላሳ ሁለትን ጭምር የሚያካፍል ይሆን ነበርና በሠላሳ ሦስተኛው ቤት 1 እናገኝ ነበር፤ እኛ ግን በዚያ ያገኘነው 1 ሳይሆን አንድ የጎደለውን ነው። እንግዲህ ዙሩ ልክ የሰሌዳውን ያህል ስልሳ አራት ነው። አንድ ሌላ እውነት እዚህ ላይ ይጨመራል፤ በብቸኛ ቁጥር ሲካፈል የቀሪዎቹ ዙር ርዝመት ሁልጊዜ ከብቸኛው ቁጥር አንድ ሲቀነስ የሚገኘውን ቁጥር ያለ ቀሪ ያካፍላል። ስለዚህ የምንፈልገው አካፋይ አንድ ሲቀነስለት በ64 የሚካፈል መሆን አለበት።

እንደዚህ ያሉትን ቁጥሮች እንዘርዝር፤ 65፥ 129፥ 193፥ 257፥ 321፥ 385፥ 449፥ 513፥ 577፥ 641። ከአሥሩ ብቸኞቹ 193፥ 257፥ 449፥ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። እኛ በ116ኛ ሙከራ የደረስንበት ኦይለር በአምስተኛው ደረሰበት። ኋላም በ1878 ኤድዋርድ ሉካስ ደንቡን አጥብቆ በ64 ሳይሆን በ128 መካፈል እንዳለበት አስረዳ። በዚያ ደንብ ከ641 በፊት የሚቀረው ብቸኛ ቁጥር 257 ብቻ ነው፤ እርሱም ራሱ ከፌርማ ቁጥሮች አንዱ ስለ ሆነ ስድስተኛውን ሊያካፍል እንደማይችል ወደ ፊት እናያለን። እንግዲህ 641 የመጀመሪያው ሙከራ ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ይልቅ የሚያስገርመን ስለ ቀሪዎች ዙር የተናገርነውን እውነት ማን እንደ ተናገረው ነው። የተናገረው ራሱ ፌርማ ነው፤ ያውም በዚያው በ1640። ቁልፉን በእጁ ይዞ በሩን ሳይከፍተው ቀረ። ስለዚህ ተሳሳተ ብለን ልንፈርድበት አንደፍርም፤ አምስት ምስክር አይቶ ስድስተኛውን ያመነ ሰው ነው። ዳሩ ግን ለኛ አንድ ነገር አስተውሎናል፤ እኛ ከተሳሳትን በኋላ «ማን ያስበው ነበር?» እያልን ስንጽናና፥ ማሰቢያው መሣሪያ ከመቶዎች ዓመት በፊት ተዘጋጅቶ በመጽሐፍ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

641 የሚያካፍል መሆኑን ያለ ሰሌዳ በሁለት መስመር ለማሳየትም ይቻላል፤ ይህን ማረጋገጫ በጣም ስለምንወደው እንዳያመልጥ እንጽፈዋለን። 641 ከ640 በአንድ ይበልጣል፥ 640ም 5 በ128 ተባዝቶ ነው። እንደገና 641 የ625 እና የ16 ድምር ነው፤ 625 አራት አምስቶች ተባዝተው፥ 16ም አራት ሁለቶች ተባዝተው ነው። 641ን በ268,435,456 (ይህ የሃያ ዘጠነኛው ቤት ነው) ብናበዛ 172,067,127,296 ይሆናል። አራት 640ዎችን እርስ በርስ አብዝተን አንድ ብንቀንስ 167,772,159,999 ይሆናል፤ ከማንኛውም ቁጥር አራተኛ ርቢ ላይ አንድ ሲቀነስ የሚቀረው ቁጥሩ ላይ አንድ ተጨምሮበት በሚገኘው ስለሚካፈል፥ ይህም በ641 ይካፈላል። ሁለተኛውን ከፊተኛው ስንቀንስ 4,294,967,297 ይቀራል። ሁለቱም በ641 የሚካፈሉ ስለ ሆኑ ልዩነታቸውም ይካፈላል።

የቀረው 6,700,417 ነው። እርሱስ ብቸኛ ነውን? አንድ ጊዜ ስለ ተሳሳትን በዚህ ላይ ተጠንቅቀናል። በራሱ ሲበዛ ከ6,700,417 የማያልፍ ቁጥር እስከ 2,588 ድረስ ነው። የ6,700,417 አካፋይ የስድስተኛው ቁጥርም አካፋይ ስለ ሆነ የሉካስ ደንብ ይገዛዋል፤ በዚያ ደንብ እስከ 2,588 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 257፥ 641፥ 769፥ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። በአምስቱ ስናካፍል በተራ 170፥ 44፥ 120፥ 334 እና 622 ይተርፋል። እንግዲህ 6,700,417 ብቸኛ ነው፤ በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሄደን ነው የምንናገረው።

የሰንጠረዡ ስንዴ ሙሉ ዝርዝር እንግዲህ ይህ ነው፤ 3፥ 5፥ 17፥ 257፥ 641፥ 65,537 እና 6,700,417 ተባዝተው 18,446,744,073,709,551,615 ይሆናሉ። ሰባት ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፥ አንዱም አልተደገመም። ከሰባቱ እየመረጥን በማብዛት የሚገኙት አካፋዮች፥ 1ና ቁጥሩ ራሱ ጭምር፥ 128 ናቸው። ስንዴውን ያለ ትራፊ እኩል ሊካፈሉት የሚችሉ ሰዎች ቁጥር ከ128ቱ አንዱ መሆን አለበት ማለት ነው፤ ለሦስት፥ ለአምስት፥ ለአሥራ አምስት ይካፈላል፤ ለሁለት ሰዎች ግን እኩል አይደርስም።

አንዱም አለመደገሙ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሰሌዳውን እየቆረጥን ስንሄድ እንዳየነው፥ ከማንኛውም የፌርማ ቁጥር ላይ ሁለት ብንቀንስ ከእርሱ በፊት ያሉት የፌርማ ቁጥሮች ሁሉ ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር ይሆናል፤ ለምሳሌ 257 ላይ ሁለት ሲቀነስ 255 ነው፥ ይህም 3 በ5 በ17 ነው። እንግዲህ ሁለት የፌርማ ቁጥሮችን በአንድነት የሚያካፍል ቁጥር ቢኖር ሁለትን ማካፈል ነበረበት፤ ሁሉም ጎዶሎዎች ስለ ሆኑ ግን ይህ አይሆንም። ጎልድባኽ በ1730 ለኦይለር ይህንኑ ጻፈለት። ከዚህም አንድ ትልቅ ነገር ይወጣል፤ ሰሌዳውን ወደ 128፥ ወደ 256፥ ወደ 512 ቤት እያሳደግን ብንሄድ በእያንዳንዱ እጥፍ ቢያንስ አንድ ከዚህ በፊት ያልታየ ብቸኛ ቁጥር ይገባል፤ ስለዚህ ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም። ኤውክሊድ በሌላ መንገድ ያረጋገጠውን በሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ አገኘነው።

ከአምስቱና ከስድስተኛው መካከል ያለው ልዩነት በጂኦሜትሪም ይታያል። ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ በመጋቢት 1796፥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው፥ አሥራ ሰባት እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ያለውን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ መሥራት እንደሚቻል አገኘ። በ1801 ባሳተመው መጽሐፍም ደንቡን አስፍቶ ሰጠ፤ የጎኖቹ ቁጥር ጎዶሎ የሆነ ቅርጽ በዚህ አኳኋን የሚሠራው ቁጥሩ ከብቸኛ የፌርማ ቁጥሮች፥ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ገብቶ፥ የተባዛ ሲሆን ነው። በሌላ ቁጥር ሊሠራ እንደማይችል በ1837 ማረጋገጫውን ያሳተመው ፒየር ዋንትዘል ነው። እስከ ዛሬ የታወቁት ብቸኛ የፌርማ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ አምስት ብቻ ስለ ሆኑ፥ ሊሠሩ እንደሚችሉ የታወቁት ጎዶሎ ቅርጾች 31 ናቸው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም 4,294,967,295 ጎኖች አሉት። ይህ ቁጥር የሰንጠረዡ የመጀመሪያ ግማሽ ስንዴ ልክ ነው! ፌርማ ያሰበው እውነት ቢሆን ኖሮ የሰሌዳው ስንዴ በሙሉ እንዲሁ የቅርጽ ጎኖች ቁጥር በሆነ ነበር። 641 ግን በመካከል ቆሞ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹ በኮምፓስ ይሣላል፥ ሙሉው አይሣልም።

ይኸው ቁጥር በዛሬ ዘመን ደግሞ በሌላ ቦታ ይገኛል፤ ኮምፒዩተር ባለ ምልክት ያልሆነን ሙሉ ቁጥር በስልሳ አራት ቢት ሲይዝ፥ ሊይዝ የሚችለው ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር የሰንጠረዡ ስንዴ ነው። ስልሳ አራቱ ቢቶች እንደ ስልሳ አራቱ ቤቶች ናቸውና።

ሰባተኛው የፌርማ ቁጥር የሰሌዳው ስንዴ ላይ ሁለት ፍሬ ተጨምሮ የሚገኘው 18,446,744,073,709,551,617 ነው። ይህን ፎርቱኔ ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ በ1880፥ የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ሳለ፥ 274,177 በ67,280,421,310,721 መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ እስከ ሠላሳ ሦስተኛው ድረስ ያሉት ሁሉ ብቸኞች አለመሆናቸው ታውቋል፤ ሠላሳ አራተኛው ግን ብቸኛ ይሁን አይሁን ገና አልተወሰነም። የላንድሪን አካፋይ በእጁ ለመፈተን የሚሻ ጓደኛ ቢኖር ከሰሌዳው ላይ ቀሪዎችን በመደርደር እንዲጀምር እንመክረዋለን። 274,177 ላይ አንድ ሲቀነስ በ256 ይካፈላል፥ ድርሻውም 1,071 ነው፤ ሥራው ለእኛ አንድ ገጽ ተኩል ፈጅቶብናል።